ትልቁ ሐውልት ለምን ወደቀ? የክረምት ጉብኝት በአክሱም የሐውልቶች ሜዳ

ደብረ ማርቆስ ክረምትን ያሳለፈ ሰው ይህን ያውቃል። ግንቦት ላይ ቀጥ ብሎ የተተከለ የአጥር በር ምሰሶ፣ ሐምሌ አጋማሽ ሲደርስ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። በሩ አልዘጋ ይላል። ሥሩ ያለው አፈር ሲረገጥ ይሰምጣል። አንድ ዓመት እኔው የተከልኩት ምሰሶ እንዲህ ሆነብኝ። ያኔ የምህንድስና ተማሪ ስለነበርኩ ትንሽ አፍሬያለሁ። እኔ አንጋጥጬ የምሰሶውን ጫፍ ሳይ፣ አያቴ ገሳቸውን እንደደረቡ መጡ፤ ጎንበስ ብለው ሥሩን አዩና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «ለመሆኑ ስንት ክንድ ነው የተቀበረው?»

አንድ ክንድም አይሞላም ነበር።

ከዓመታት በኋላ ስለ መሠረት ግንባታ ስማር ያንኑ ጥያቄ በቀመር ተጽፎ አገኘሁት። ምን ያህል ተቀበረ? ያረፈበት አፈር ምን ዓይነት ነው? ውሃው በየት በኩል ይሄዳል? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ለአጥር ምሰሶም ለሰማይ ጠቀስ ሕንፃም እኩል ይሠራሉ። ዛሬ እነሱን ይዘን የአገራችንን ትልቁን የድንጋይ ሐውልቶች ሜዳ እንጎብኝ። ወደ አክሱም እንሂድ፤ ያውም በክረምት።

ለምን በክረምት? በሌላው ዓለም ሐውልቶች በሜዳ ላይ የቆሙባቸው ሰፋፊ ፓርኮች አሉ። ለምሳሌ በኖርዌይ ዋና ከተማ በኦስሎ የሚገኘው የቪገላንድ ፓርክ ከ200 በላይ ቅርጾች አሉት። ሰዎቹ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴን ፀሐይ እየሞቁ እዚያ ይንሸራሸራሉ። የእነሱ በጋ ግን የእኛ ክረምት ነው። በእነዚያው ወራት የእኛ ሐውልቶች ሥራቸው ርሶ ነው የሚከርሙት። አክሱም የምታገኘው ዝናብ ከደብረ ማርቆስ በግምት ግማሽ ያህል ቢሆንም፣ አብዛኛው የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ሐውልቶቹ ስለ ራሳቸው ብዙ የሚነግሩን ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ጃንጥላችሁን ያዙና ተከተሉኝ።

የቆመውም የወደቀውም በአንድ ሜዳ

ሜዳው ያለው ከአክሱም ጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ነው። በክረምት ሳሩ ለምልሞ፣ ግራጫው ድንጋይ በዝናብ ታጥቦ ይጠቁራል። መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚሄደው ወደቆሙት ሁለት ረጃጅም ሐውልቶች ነው፤ እሱ የማይቀር ነው። ትንሽ ቆይታችሁ ዝቅ ብላችሁ ስታዩ ግን ብዙ ትንንሽ፣ ያልተጠረቡ፣ የተጋደሙና ያዘነበሉ ድንጋዮች እንዳሉ ታስተውላላችሁ። ከመካከላቸው አንድ ተሰባብሮ የተኛ ግዙፍ ድንጋይ አለ። የዛሬው ባለታሪካችን እሱ ነው።

ተመራማሪዎች ሦስቱን ግዙፍ ሐውልቶች በቁጥር ይጠሯቸዋል። ቁጥር 1 የተኛው ነው። ርዝመቱ 33 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 520 ቶን ያህል ይገመታል። ቁጥር 2 ወደ 24 ሜትር ይጠጋል፤ ሮም ሄዶ የተመለሰው እሱ ነው። ቁጥር 3 ከመሬት በላይ 20 ሜትር ተኩል ገደማ ሲሆን፣ ከሦስቱ ሳይወድቅ እስከ ዛሬ የቆየ እሱ ብቻ ነው። የተሠሩት በ3ኛውና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይታሰባል። ስፍራው እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ጠጋ ብላችሁ ቅርጹን እዩት። ሐውልቶቹ ተራ ምሰሶዎች አይደሉም፤ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ መስለው ነው የተቀረጹት። ከታች የማይከፈት የድንጋይ በር አለ። ከበሩ በላይ መስኮቶች ተደርድረዋል። በየፎቁ መካከል ክብ ክብ ጉብታዎች ታያላችሁ፤ እነዚህ «የዝንጀሮ ራስ» ይባላሉ። በአክሱም ዘመን ቤት ሲሠራ ድንጋዩን በእንጨት አግዳሚ ያስሩት ስለነበር፣ የእንጨቱ ጫፍ ከግድግዳው ወጣ ብሎ ይታይ ነበር። ቀራጩ ያንን የእንጨት ጫፍ ነው በድንጋይ የደገመው። ቁጥር 1 አሥራ ሦስት፣ ቁጥር 2 አሥራ አንድ፣ ቁጥር 3 ደግሞ አሥር ፎቅ መስለው ተቀርጸዋል።

አሁን ቁልፉ ነገር ይምጣ። ሐውልቶቹ የመቃብር ምልክቶች ናቸው። ከእግራችሁ በታች በድንጋይ የተገነቡና ከአለት የተፈለፈሉ ክፍሎች አሉ። ከትልቁ ሐውልት ሥር በአንድ ጎን ተመራማሪዎች «ሞሶሊየም» የሚሉት መቃብር ይገኛል፤ አንድ ረጅም መተላለፊያና በግራና ቀኙ አሥር ክፍሎች አሉት። በሌላው ጎን ደግሞ የምሥራቁ መቃብር አለ። እዚህ ሜዳ ላይ ስትራመዱ ጠንካራ መሬት የረገጣችሁ ይመስላችኋል እንጂ፣ ብዙ ቦታ ላይ የምትራመዱት በቤት ጣራ ላይ ነው። ይህንን አትርሱት፤ እንመለስበታለን።

520 ቶን ከየት መጣ?

ድንጋዩ የተቆረጠው ከአክሱም በስተ ምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ከሚገኘው የጎበድራ ኮረብታ ነው። ኮረብታው ላይ ዛሬም የድንጋይ ካባው ይታያል። ከ3 ሜትር የሚበልጥ ርዝመት ያላት የአንበሳ ምስልም አለት ላይ ተቀርጻ ትገኛለች። ድንጋዩ በሳይንስ ስሙ ኔፈሊን ሳየናይት ይባላል። ግራናይት የሚመስል፣ ከምድር ውስጥ ቅላጭ አለት ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ የተፈጠረ በጣም ጠንካራ ድንጋይ ነው።

እንዴት ቆረጡት? መልሱ ካባው ላይ ተጽፏል። ድንጋዩ ላይ በመስመር የተደረደሩ አራት ማዕዘን ጉድጓዶች አሁንም ይታያሉ። ጠራቢዎቹ በመሮና በመዶሻ እነዚህን ጉድጓዶች በእኩል ርቀት ይፈለፍላሉ፤ ከዚያ ሽብልቅ ያስገቡና ተራ በተራ ይመታሉ። ድንጋይ ሲጨፈለቅ በጣም ጠንካራ ነው፤ ሲለጠጥ ግን ደካማ ነው። ሽብልቆቹ ደግሞ ግራና ቀኝ ነው የሚለጥጡት። አንድ ትልቅ መዶሻ ሊሰብረው የማይችለውን አለት፣ ብዙ ትንንሽ ሽብልቆች በቀጥታ መስመር ይሰነጥቁታል። ዛሬም የድንጋይ ጠራቢዎች የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

ክብደቱን ራሳችን ማረጋገጥ እንችላለን። የሐውልቱ የታችኛው ጫፍ 3.84 በ2.35 ሜትር ያህል ነው፤ ስፋቱ 9 ካሬ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ወደ ላይ እየጠበበ ስለሚሄድ አማካዩን 6 ካሬ ሜትር እንበል። በ33 ሜትር ስናባዛው 198 ሜትር ኩብ እናገኛለን። የዚህ ድንጋይ 1 ሜትር ኩብ 2.65 ቶን ገደማ ይመዝናል። ስናባዛ ወደ 525 ቶን ይመጣል። መጻሕፍት ላይ የምታነቡት 520 ቶን ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም፤ እርሳስና ወረቀት ያለው ሁሉ ሊደርስበት ይችላል።

ከዚያስ ማን ጎተተው? «ዝሆን ነው» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ነገሩ በሰው ጉልበትስ ይቻል እንደነበር እናስላ። ድንጋዩ ወፍራም እንጨት ላይ ተጭኖ፣ ከሥሩ የሚንከባለሉ ግንዶች ተደርገውለት ቢጎተት፣ ሰበቃው የክብደቱን አንድ አምስተኛ ያህል ኃይል ይጠይቃል ብለን እናስብ። ያ 104 ቶን ነው። አንድ ሰው በገመድ ሳይደክም የ40 ኪሎ ያህል ጉተታ ቢያወጣ፣ 2,600 ሰው ያስፈልጋል። ብዙ ነው፤ ግን ለአንድ ታላቅ መንግሥት የማይቻል አይደለም። ከባዱ ነገር ሰው ማሰባሰቡ ብቻ አይደለም፤ 2,600 ሰው በአንድ ቅጽበት አብሮ እንዲጎትት ማድረግም ነው። ገመድ የሚገምድ፣ መንገድ የሚደለድል፣ ምግብ የሚያቀርብ፣ ትእዛዝ የሚሰጥ ሰው ሁሉ ነበረበት።

እንግዲህ ቆረጡት፣ ጠረቡት፣ 4 ኪሎ ሜትር አመጡት። ከዚያ ወደቀ።

የአያቴ ጥያቄ

አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ቁጥር 1 ሐውልት የወደቀው ገና ሲቆም ወይም ከቆመ ብዙም ሳይቆይ ነው ብለው ያስባሉ። እ.ኤ.አ. በ1906 በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን የጥናት ቡድን ሜዳውን በዝርዝር ለክቶ ሥሏል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ኔቪል ቺቲክ፣ በ1990ዎቹ ደግሞ ዴቪድ ፊሊፕሰን ያካሄዷቸው ቁፋሮዎች ከመሬት በታች ያለውን ገለጡልን። አሁን ሦስቱን ጥያቄዎች እናምጣ።

አንደኛ፦ ምን ያህል ተቀበረ? ከ33 ሜትሩ ውስጥ ለመቀበር የታሰበው 3 ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። ይህም ከርዝመቱ 9 በመቶ ያህል ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ የመብራት ምሰሶ ሲተከል በብዙ አገር የሚሠራበት ቀላል ደንብ አለ፤ የምሰሶውን ርዝመት 10 በመቶ ወስዶ 60 ሴንቲ ሜትር መጨመር ነው። በዚህ ደንብ 11 ሜትር የሆነ እንጨት 1.7 ሜትር ይቀበራል፤ ከርዝመቱ 15 በመቶ መሆኑ ነው። የመብራት እንጨት ደግሞ ከሐውልቱ ጋር ሲነጻጸር እንደ ስንደዶ ቀላል ነው።

ሁለተኛ፦ ያረፈበት ነገር ምንድን ነው? 520 ቶኑን ለ9 ካሬ ሜትር ስናካፍለው፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 58 ቶን ገደማ ያርፋል። እናንተ ቆማችሁ መሬቱን የምትጫኑት በካሬ ሜትር ሲሰላ 2 ቶን አይሞላም። በምህንድስና መማሪያዎች ላይ ጠንከር ላለ ሸክላ አፈር የሚፈቀደው ጭነት በካሬ ሜትር ከ15 እስከ 30 ቶን ነው፤ ሲርስ ደግሞ ይቀንሳል። ስለዚህ ከሥሩ ሸክሙን የሚያከፋፍል ሰፊና ጠንካራ የድንጋይ ንጣፍ ካልተደረገ፣ አፈሩ ብቻውን አይችለውም። እዚህ ላይ በግራና በቀኝ መቃብሮች እንዳሉ አስታውሱ። መሬቱ ክፍት ባለበት አጠገብ ነው ያን ሁሉ ክብደት ሊያቆሙ የሞከሩት።

ሦስተኛ፦ ስንት ዲግሪ ቢያዘነብል ይወድቃል? አንድ ነገር የሚወድቀው የስበት ማዕከሉ ከእግሩ ስፋት ውጭ ሲወጣ ነው። ሐውልቱ በጠባቡ በኩል 2.35 ሜትር ውፍረት አለው፤ ግማሹ 1.18 ሜትር ገደማ ነው። የስበት ማዕከሉ ከታች 15 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይሆናል። ሒሳቡን ስትሠሩት ከ4 እስከ 5 ዲግሪ መካከል ይመጣል። የተቀበረው ክፍል አጥብቆ ካልያዘው፣ ከዚያ በላይ ዘንበል ካለ ራሱን አያድንም።

ይህ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ለመረዳት የጣሊያኑን የፒሳ ግንብ አስቡ። እሱ እ.ኤ.አ. በ1990 ለጎብኚ ሲዘጋ 5.5 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ነበር፤ ያም ሆኖ አልወደቀም። ለምን? መሠረቱ ወደ 20 ሜትር የሚጠጋ ስፋት ስላለው ነው። የአክሱሙ ሐውልት የፒሳን ያህል ቢያዘነብል ኖሮ መሬት ላይ ነው የምታገኙት።

አሁን ሦስቱን መልሶች አንድ ላይ አድርጓቸው። ጥልቀቱ ትንሽ፣ ሸክሙ ከባድ፣ ሊያዘነብል የሚችልበት መጠን ጠባብ። 520 ቶን የሚመዝን ድንጋይ ከተኛበት ቀስ በቀስ ተነሥቶ ቀጥ ሊል ሲቃረብ፣ የሚጎትተው ኃይል እየቀነሰ የራሱ ክብደት እያገዘው ይመጣል። ያን ጊዜ በጥቂቱ እንኳ ካለፈ የሚመልሰው ገመድ የለም። ሐውልቱ ወደቀና ጫፉ «ንፋስ መውጫ» የሚባለውን መቃብር መታ። የዚያ መቃብር ክዳን 17 ሜትር ርዝመት ያለው፣ 360 ቶን ገደማ የሚመዝን አንድ ወጥ ድንጋይ ነው። ከሥሩ የነበረው ግንባታ በምቱ ተደረመሰ። ሜዳው ላይ ስትቆሙ ሁለቱ ግዙፍ ድንጋዮች በተገናኙበት ቦታ የዚያን ቀን አደጋ ዛሬም ታዩታላችሁ።

ከዚያ ወዲህ በአክሱም ይህን የሚያህል ሐውልት አልቆመም። በዚያው በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ተቀበለ፤ የነገሥታት መቃብርን በግዙፍ ሐውልት ማሳየቱም ቀረ።

ብዙዎቻችን ስለ አክሱም ስንማር «አባቶቻችን በምን ጥበብ እንዳቆሙት አይታወቅም» የሚል ነገር ሰምተን ነው ያደግነው። ክብር ለመስጠት ነው የሚባለው፤ ይገባኛል። ግን ነገሩን ምስጢር ስናደርገው ሰዎቹን እናጠፋቸዋለን። እነዚያ ሰዎች 20 ሜትር የሚሆነውን አቆሙ፣ 24 ሜትር የሚሆነውን አቆሙ፣ ከዚያ 33 ሜትር ሞከሩ። ርዝመቱን ሲጨምሩ ክብደቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው ያደገው፤ ምክንያቱም ቁመቱ ብቻ ሳይሆን ወርዱም ውፍረቱም አብሮ ያድጋል። መሠረቱ ግን አብሮ አላደገም። ይህ ስህተት ነው። ግን የሚሠራ ሰው ብቻ የሚሠራው ዓይነት ስህተት ነው።

ሮም ደርሶ የተመለሰው

አሁን ወደ ቁጥር 2 እንሂድ። ይህ ሐውልት በጥንት ጊዜ ወድቆ ተሰባብሮ ነበር። ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረችበት ዘመን፣ በ1929 ዓ.ም. ስብርባሪዎቹ ወደ ምጽዋ ተጓጉዘው በመርከብ ተወሰዱ። ሐውልቱ ሮም ላይ ተገጣጥሞ፣ የፋሺስቶች የሮም ጉዞ 15ኛ ዓመት ሲከበር ጥቅምት 1930 ዓ.ም. ተመረቀ። በየካቲት 1939 ዓ.ም. የተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን ከኢትዮጵያ የወሰደቻቸውን ቅርሶች በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ያስገድድ ነበር። 18 ወሩ ከ50 ዓመት በላይ ሆነ። ግንቦት 1994 ዓ.ም. ሐውልቱን ሮም ላይ መብረቅ መታው፤ ጉዳትም ደረሰበት።

በ1996 ዓ.ም. ሐውልቱ በሦስት ትልልቅ ክፍሎች ተፈታ። ከባዱ ክፍል 60 ቶን ይጠጋል። በዚያ ዘመን ይህን ተሸክመው ሊበሩ ከሚችሉ ጥቂት አውሮፕላኖች አንዱ አንቶኖቭ 124 ነበር። የአክሱም አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ነው፤ እዚያ አየሩ ስስ ነው፤ ሲሞቅ ደግሞ ይበልጥ ይሳሳል። ስስ አየር ክንፍን በደንብ አይደግፍም። ስለዚህ አውሮፕላኑ አየሩ በቀዘቀዘበት በማለዳ እንዲያርፍ ተደረገ። የመጀመሪያው ክፍል ሚያዝያ 11 ቀን 1997 ዓ.ም. ገባ፤ ሁለቱ በቀጣዮቹ ቀናት ተከተሉ።

ታዲያ ለምን ወዲያው አልቆመም? መልሱን አሁን መገመት ትችላላችሁ፤ ከመሬት በታች ያለው ነው። የከርሰ ምድር ጥናት ሲካሄድ በአካባቢው ያልተቆፈሩ መቃብሮች እንዳሉ ታየ። ክሬን የትም ማቆም፣ ጉድጓድ የትም መቆፈር አይቻልም። መሐንዲሶቹ በሐውልቱ ዙሪያ የብረት ማማ አቁመው፣ እያንዳንዱን ክፍል በኮምፒውተር በሚመራ ክሪክ ቀስ እያሉ አነሡት። በክፍሎቹ መገናኛ ላይ ቀዳዳ ተሰርስሮ አራሚድ ከሚባል ጠንካራ ጭረት በተሠሩ ዘንጎች ተያያዙ፤ ይህ ጥይት መከላከያ ልብስ የሚሠራበት ዓይነት ጭረት ነው። እንደ ብረት አይዝግም፤ የዛገ ብረት ደግሞ ያብጥና ድንጋዩን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል።

ሥራው የተጠናቀቀው በ2000 ዓ.ም. ክረምት ነው። ምረቃው ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ የሚሌኒየሙ ዓመት ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ተከናወነ። በዚያ ክረምት የመሐንዲሶቹ ትልቁ ስጋት የሚያነሡት ሐውልት ብቻ አልነበረም፤ አጠገቡ የቆመው ቁጥር 3ም ጭምር እንጂ። በሥራው ንዝረት እንዳይናወጥ በኬብል ታስሮ፣ በመለኪያ መሣሪያ እየተጠበቀ ነው ሥራው ያለቀው።

ሳይወድቅ የቆየው፣ አሁንም የሚያሰጋው

ቁጥር 3 ወደ 1,700 ዓመት ገደማ ቆሟል። ቀጥ ብሎ ግን አይደለም፤ ዘንበል ብሏል። ፊቱ ቆማችሁ ከጎኑ ካለው ቁጥር 2 ጋር ስታስተያዩት በዓይን ይታያል። ቱንቢ ቢኖራችሁ ይበልጥ ታዩት ነበር።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሌላ ችግር አለ። በሜዳው ሥር ባሉት መቃብሮች፣ በሞሶሊየሙ ጭምር፣ ውሃ እየገባ መጠኑም ከፍ እያለ መምጣቱን የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ደጋግሞ አንሥቷል። ቁጥር 3 በቋሚነት እንዲጠናከርም ጠይቋል። ለመሐንዲስ እነዚህ ሁለት ጉዳዮች አንድ ናቸው። ውሃ በአፈር ቅንጣቶች መካከል ሲገባ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ የሚያያዙበት ኃይል ይቀንሳል። ሸክላ አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም ከሥር ያለው መሬት በአንድ በኩል ከሌላው ይበልጥ ይሰምጣል። ያ የኔ የአጥር ምሰሶ ላይ የደረሰው ነገር ነው፤ ልዩነቱ ምሰሶዬን አውጥቼ መልሼ መትከሌ ነው።

ተስፋ የሚሰጥ ነገርም አለ። የፒሳን ግንብ ያዳኑት መሐንዲሶች ግንቡን ራሱን አልጎተቱትም። ከፍ ባለው ጎን በኩል ከሥሩ ትንሽ ትንሽ አፈር እያወጡ፣ ግንቡ በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ ግማሽ ዲግሪ ያህል እንዲመለስ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2001 ለጎብኚ ተከፈተ። አክሱም ላይ ይኸው ዘዴ ይሠራል ማለቴ አይደለም፤ እዚያ ከሥሩ ያለው መቃብር ራሱ ቅርስ ስለሆነ አፈር ማውጣት አይታሰብም። ትምህርቱ ሌላ ነው፤ የዘመመ ነገር መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ከሥር ነው ያለው፤ ለዚያም መጀመሪያ ለዓመታት መለካት ያስፈልጋል። ዝናቡ ሲጀምር ስንት፣ ሲያቆም ስንት፣ በበጋ ስንት። ጎርፉን በቦይ ከሜዳው ማራቅና በመቃብሮቹ ውስጥ ያለውን ውሃ መከታተል ተራ ሥራ ይመስላል እንጂ፣ ሐውልቱን አቁሞ የሚያቆየው እሱ ነው።

እቤታችሁ ሞክሩት

አክሱም ሩቅ ለሆነባችሁ፣ ቁጥር 1ን በመቶኛ አሳንሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። 33 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 3.8 ሴንቲ ሜትር ወርድና 2.4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እንጨት ቁረጡ፤ ወይም አናጺ ለምኑ።

መጀመሪያ 50 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጣውላ ላይ አቁሙት፤ ጠባቡ ጎኑ በጣውላው ርዝመት በኩል ይሁን። ከዚያ የጣውላውን አንድ ጫፍ ቀስ እያላችሁ አንሡ። 4 ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ ይወድቃል። ያ ከፍታ ከ4 ዲግሪ ትንሽ ይበልጣል።

ቀጥሎ አንድ ቆርቆሮ አፈር ሙሉና እንጨቱን 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቅበሩት። ውሃ በአንድ በኩል ብቻ በቀስታ አፍስሱና ጠብቁ። ከዚያ በሌላ ቆርቆሮ 5 ሴንቲ ሜትር ቅበሩት፣ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጉ፣ ዙሪያውን በጠጠር ጠቅጥቁት፣ ያንኑ ያህል ውሃ አፍስሱ። ሁለቱ ስንት ስንት እንዳዘነበሉ በክርና በጠጠር ቱንቢ ሠርታችሁ ለኩ፤ ጻፉት። አፈሩን እየቀያየራችሁ ድገሙት፤ የደብረ ማርቆስ ቀይ አፈርና የቆላው ጥቁር አፈር አንድ ዓይነት ውጤት አይሰጧችሁም።

እና አንድ ቀን ሐውልቶቹ ሜዳ ላይ ስትደርሱ፣ ሰው ሁሉ አንጋጦ ፎቶ ሲነሣ እናንተ ለጥቂት ደቂቃ ዝቅ በሉ። ውሃው በየት በኩል እንደሚሄድ ተመልከቱ። የተኛውንም ሐውልት ዞራችሁ እዩት፤ በተለይ የታችኛውን ያልተጠረበውን ጫፍ። ሊቀበር የነበረው ክፍል እሱ ነው። በእርምጃችሁ ለኩት፤ ከዚያ መላውን ርዝመት ለኩ። አያቴ ያን ቀን የጠየቁኝን ጥያቄ በራሳችሁ እግር ትመልሱታላችሁ።